ባሕር የሌላት የወደብ ከተማ፤ ቡታጅራን በእግር

የአገራችን ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ሕዝቦች መገናኘትና መቀላቀል ሲያወሱ ብዕራቸው ወደ ባሕር ዳርቻ ይሮጣል። አዱሊስ፣ ምጽዋ፣ ዘይላ ይጠቀሳሉ፤ ዐረቡ፣ ህንዱ፣ ቱርኩና ሐበሻው በአንድ ገበያ እንዴት እንደዋለ ይተረካል። ከባሕሩ ርቆ የሚገኘው መሀል አገር ግን እያንዳንዱ ሕዝብ የየራሱን አጥር አጥሮ፣ ከጎረቤቱ ጋር በጦርነት ካልሆነ በቀር ሳይተያይ የኖረበት ምድር ተደርጎ ይሣላል። ይህ ሥዕል ከመጻሕፍት ገጽ ወጥቶ ወደ አስተዳደር ካርታችን ከገባ እነሆ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። ካርታውን የሚሠሩ ሰዎች መሬቱን በእግራቸው ቢረግጡት ኖሮ ይህን ያህል ቀጥ ያለ መስመር ለማስመር እጃቸው ይደፍር ነበር ወይ? የሚለው ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል።

በበኩሌ ለመርገጥ የመረጥሁት ቡታጅራን ነው። አስጎብኚ አልያዝሁም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤም አልጠየቅሁም። የያዝሁት የከተማዋን አራት መውጫዎች በእርሳስ የሣልሁበት አንድ ወረቀትና ያነበብሁትን በአእምሮዬ ብቻ ነበር። አንባቢዬም ይህን ጽሑፍ ይዞ መንገዱን ቢደግመው እግሩ ከመድከሙ በቀር የሚጎድልበት ነገር አይኖርም።

አስቀድሞ ስለ አቀማመጧ። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በስተምዕራቧ ከ3,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የዘቢዳር ተራራ ቆሟል፤ በስተምሥራቋ ምድሩ ወደ ስምጥ ሸለቆው እየተንደረደረ እስከ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል። ከከተማዋ ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው የሚያየው እንሰት ነው፤ ወደ ሸለቆው የሚወርድ ደግሞ እንሰቱ እየሳሳ በቆሎና በርበሬ ሲተካው ያያል። እንግዲህ ከተማዋ የተቆረቆረችው በሁለት ዓይነት አገር መገጣጠሚያ ላይ ነው። ደጋው የሌለውን ቆላው ይዞ ይመጣል፤ ቆላው የሌለውን ደጋው ያወርዳል። ባሕር ቢኖራት ወደብ ትባል ነበር። ባሕር ስለሌላት "የወረዳ ከተማ" ስትባል ኖረች። ወደብን ወደብ የሚያደርገው ግን የውኃው ጨው አይደለም፤ ከተለያየ አቅጣጫ የሚመጣ ሰው ሊገናኝበት መገደዱ ነው።

መገደድ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አራቱ መውጫዎች እነሆ፤ በሰሜን ወደ አዲስ አበባ፣ በደቡብ ወደ ወራቤና ሆሳዕና፣ በምሥራቅ በእንሴኖ አድርጎ ወደ ዝዋይ፣ በምዕራብ ተራራውን አቋርጦ ወደ ጉብሬና ወልቂጤ። መስቃን፣ ዶቢ፣ ክስታኔ፣ ሥልጤ፣ ማረቆ፣ ሰባት ቤት ጉራጌ፣ ኦሮሞ፣ አማራ፣ ሐዲያ፣ ሁሉም ከእነዚህ በአንዱ ይገባል።

ከሰሜን የሚመጣ መንገደኛ ቡታጅራ ከመድረሱ በፊት ጢያ ላይ ቢወርድ መልካም ነው። እዚያ የቆሙት ትክል ድንጋዮች 36 ናቸው፤ ከእነርሱም 32ቱ የጎራዴና ሌሎች እስከ ዛሬ በቅጡ ያልተፈቱ ምልክቶች ተቀርጸውባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከሥራቸው መቃብር እንዳለ ቁፋሮው አረጋግጧል። የአካባቢው ሰው ግን ለብዙ ዘመን "የግራኝ ድንጋይ" ሲላቸው ኖሯል፤ ድንጋዮቹ ከኢማም አህመድ ዘመቻ በፊት የነበሩ መሆናቸው ለአፈ ታሪኩ ምንም አላሳሰበውም። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ይህን ያህል ሥራ የሠራ ሕዝብ ማን እንደነበረ፣ በምን ቋንቋ ይነጋገር እንደነበረ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። በዚያው መሬት ላይ ግን "ከጥንት ጀምሮ የእኛ ነው" የሚል ክርክር በየስብሰባው ሲነሣ እንሰማለን። ጥንቱ ራሱ ስሙን ሳይነግረን አልፏል።

ከተማዋ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ የሚረግጡት አስፋልት ነው፤ እኔም ታሪኳን የምጀምረው ከእርሱ ነው። ይህ መንገድ ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወላይታ ሶዶ የሚደርስ ነው። ዛሬ በላዩ ባጃጅና አይሱዙ ሲራኮቱበት የሚያይ ሰው፣ መንግሥት ሠርቶ የሰጠው ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አልነበረም። በ1950ዎቹ፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋናቸው በነበሩበት ዘመን፣ አዲስ አበባ የተቀመጡ የዚህ አካባቢ ተወላጆች ማኅበር አቋቁመው ለመንገድ ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ። አንደኛው የዓለም ገና ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ድርጅት ነው። ሌላው ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካን ከመሪዎቹ አንዱ አድርጎ የተነሣው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ሲሆን፣ ዓላማውም ወልቂጤን በእምድብር በኩል ከሆሳዕና ማገናኘት ነበር። መርካቶ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጠው፣ ጫማ የሚጠርገው፣ ዕቃ የሚሸከመው፣ በመኮንንነት ያገለገለውም ሁሉ በየጎሣውና በየቤቱ ልክ ተመድቦበት ከፈለ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም የበኩሉን ጨመረ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም የመንገዱ ታሪክ በእኛ ፖለቲካ ውስጥ ያልተጠና ምዕራፍ ነው። በዚያ ዘመን በብሔረሰብ ስም መደራጀት ቤተ መንግሥቱን ያስጨንቅ ነበር። የሜጫና ቱለማ ማኅበር ምን እንደደረሰበት የታወቀ ነው። የጉራጌዎቹ ማኅበራት ግን ሥልጣን ሳይሆን ድልድይ ስለጠየቁ ተፈቀደላቸው። ብልሃት ነው ያለ ይበል፤ ፍርሃት ነው ያለም ይበል። እኔ ብልሃት ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የዓለም ገናው መንገድ በአንድ ጎሣ አገር ብቻ አልፎ የሚቀር አልነበረም። በሶዶ፣ በመስቃን፣ በሥልጤ፣ በሐዲያ፣ በከምባታና በወላይታ እያለፈ ለሁሉም እኩል አቧራ የሚያቀምስ መንገድ ነበር። አንድ ክስታኔ ነጋዴ ያዋጣው ብር ከሐዲያ የመጣ ገበሬ እህሉን ያወጣበታል። የወሰን ጥያቄ አልተነሣም፤ ወጪውን በየወሰኑ ለመከፋፈል የተቀመጠ ኮሚቴ አልነበረም።

ወልቂጤ በዚህ ረገድ የተለየ ታሪክ አላት። እርሷን ያሳደጋት ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚሄደው፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው መንገድ ነው። ከተማዋ የጊቤን በረሃ ከመውረድ በፊት የመጨረሻዋ ትልቅ ማረፊያ በመሆኗ የሾፌርና የመንገደኛ ከተማ ሆነች፤ በዙሪያዋ ቀቤናው፣ ቸሃው፣ ኦሮሞው ከበባት። ስለ ወልቂጤ ሌላ ጊዜ ለብቻዋ እጽፋለሁ።

ወደ ቡታጅራ ልመለስ። ከአስፋልቱ ወጥቼ ወደ ገበያው ታጠፍሁ። ገበያው ውስጥ ዓይንን ቀድሞ አፍንጫን የሚቀበለው የማረቆ በርበሬ ነው። በጆንያ ተከምሮ፣ በየሸራው ላይ ተሰጥቶ፣ አላፊ አግዳሚውን እያስነጠሰ ይጠብቃል። የአዲስ አበባ የቤት እመቤት "የማረቆ ነው?" ብላ ሳትጠይቅ በርበሬ አትገዛም፤ ማረቆ የሚባል ሕዝብ መኖሩን፣ የራሱ ቋንቋ እንዳለው የምታውቀው ግን ስንቷ ናት? ማረቆኛ፣ ሊቢዶም ይባላል፣ ከሐዲይኛ ጋር የሚዘመድ የኩሽ ቋንቋ ነው። ከበርበሬው ጎን በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዘው የተቀመጡት ሴቶች ደግሞ የሴም ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንት በሁለት የተለያዩ መደርደሪያዎች ላይ ያስቀመጧቸው ሕዝቦች እዚህ በአንድ ክንድ ርቀት ተቀምጠው መልስ ይመላለሳሉ።

አንድ አዛውንት የበርበሬ ነጋዴ ዘንድ ቆሜ "አባባ፣ እርስዎ በስንት ቋንቋ ይናገራሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። በጣታቸው ቆጥረው አራት ላይ ሲደርሱ አቆሙና፣ "ልጄ፣ በአራቱም እሸጣለሁ፤ ዱቤ የምከለክለው ግን በአማርኛ ነው፤ በአማርኛ ሲሆን ማንም አይቀየመኝም" አሉኝ። አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። አማርኛ በዚህች ከተማ ያለውን ቦታ ከዚህ የተሻለ የገለጸልኝ ጥናት አላነበብሁም። የማንም የቤት ቋንቋ ሳይሆን የሁሉም የአደባባይ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህም ክፉ ቃል ሲነገርበት ዘመድን አይነካም።

ስለ ቋንቋ ካነሣን አይቀር፣ ጉራጌ በሚለው አንድ ስም የሚጠሩት ቋንቋዎች እርስ በርሳቸው የማይግባቡ መሆናቸውን ብዙ የከተማ ሰው አያውቅም። ቮልፍ ሌስላው የተባሉት ሊቅ ዕድሜያቸውን ያሳለፉበት ጉዳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት የጉራጌ ቋንቋዎች የቃላት አመጣጥ መዝገብ ሦስት ጥራዝ ነው። ክስታንኛ የሚናገር ሰው ቸሃኛ ሲሰማ እንደ ባዕድ ይሆናል። ሥልጥኛ ደግሞ ከቸሃኛ ይልቅ የሚቀርበው፣ በመካከሉ ይህን ያህል አገር ተዘርግቶ ሳለ፣ ለሐረር ከተማ ቋንቋ ለአደርኛ ነው። የአመጣጥ ትውፊቱም ይህንኑ ይከተላል። አንዱ ወገን አዝማች ስብሐት የተባለ የጦር አለቃ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን ከአካለ ጉዛይ፣ ጉራ ከተባለ ስፍራ ጦሩን ይዞ መጥቶ ሰፈረ ይላል። ሌላው ወገን ሐጂ አልዬ የተባሉ የሃይማኖት ሰው ከሐረር መጡ ይላል። የታሪክ ሊቃውንት በሁለቱም ላይ ብዙ ጥያቄ አላቸው፤ እኔም አንዱን ከሌላው አላስበልጥም። ነገር ግን ልብ በሉ። ጉራ ያለችው ከምጽዋ ጀርባ ባለው ደጋ ላይ ነው፤ ሐረር ያለችው ከዘይላ ጀርባ ባለው ደጋ ላይ ነው። ሁለቱ ትውፊቶች የዚህን መሬት ሰው ከሁለቱ ጥንታዊ የባሕር በሮቻችን መንገድ ላይ አንሥተው እዚህ ያገናኙታል። ቡታጅራን የወደብ ከተማ ብዬ የጠራሁት ለቀልድ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢዬ ይረዳልኝ።

ከገበያው ወጥቼ ቀጥሎ የቆምሁት ምንም በማይታይበት ቦታ ነው፤ ማለቴ ለዓይን የሚሆን ነገር በሌለበት። ቆሜ ያሰብሁት የካቲት 1929 ዓ.ምን ነው።

የካቲት 12 ሲባል የማናችንም ሐሳብ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ስድስት ኪሎ ይሄዳል። በዚያች ዕለት ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ፤ ተከትሎም የከተማው ሕዝብ በአካፋና በዶማ፣ በእሳትና በጥይት ተጨፈጨፈ። በዚያችው ዕለት ቡታጅራ አካባቢ በምትገኘው ጎጌቲ ሌላ ደም ይፈስ እንደነበር ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው ይርጋለም በኅዳር ወር በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ እጃቸውን አልሰጡም። ከባሌው ገዥ ከደጃዝማች በየነ መርዕድና ከደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋር ሆነው፣ በሐይቆቹ አካባቢ እየተዋጉና እየተሳደዱ ወደ ጉራጌ አገር ዘለቁ። ጎጌቲ ላይ ተከበቡ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም እዚያው ወደቁ፤ ደጃዝማች በየነ ተማርከው ተገደሉ። ራስ ደስታ ቆስለው ቢያመልጡም ከጥቂት ቀናት በኋላ ተይዘው የካቲት 17 ቀን ቡታጅራ ላይ በጥይት ተደበደቡ።

ሰውየው ማን እንደነበሩ ማስታወስ ይገባል። የንጉሠ ነገሥቱ አማች፣ የልዕልት ተናኘ ወርቅ ባል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1933 የኢትዮጵያን መልእክተኞች መርተው ዋሽንግተን ገብተው ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኝተዋል። ከዚያ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ እዚህ፣ በዚህ መሬት፣ ግድግዳም ይሁን ዛፍ ሥር ባልታወቀበት ሁኔታ ቆመው ተረሸኑ። ከእርሳቸው ጋር የነበሩት ተዋጊዎች ከሲዳሞ፣ ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከሸዋ የመጡ ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒታል በራስ ደስታ ስም ተሰይሟል፤ የፈረንሣዩ ትምህርት ቤትም የሚጠራው በደጃዝማች ገብረ ማርያም ስም ነው። ሊሴ የሚማሩ ልጆች የትምህርት ቤታቸው ስም ባለቤት የት እንደወደቀ ተጠይቀው ጎጌቲ የሚል መልስ የሚሰጡ ጥቂት ይመስሉኛል። እኛ የጦር ሜዳን የምናስታውሰው ድል ከሆነ ብቻ ነው፤ ዐድዋን እናከብራለን፣ ማይጨውን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናወሳለን፣ ጎጌቲን ጭራሹን አናነሣም።

ከዚያ ወደ ጤና ተቋማቱ አቀናሁ። ቡታጅራ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ላይ ስሟ ከብዙ ታላላቅ የአፍሪካ ከተሞች ይልቅ የሚነሣ መሆኑን የከተማው ባጃጅ ነጂ ቢነግሩት አያምንም። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ምሁራን ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ዘጠኝ የገጠር ገበሬ ማኅበራትንና አንድ የከተማ ቀበሌን መርጠው፣ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያሉ ቤት ለቤት መመዝገብ ጀመሩ። ምርጫው የወደቀው እዚህ የሆነው ቆላውንም ደጋውንም፣ ገጠሩንም ከተማውንም በአጭር ርቀት ስለሚያገኙት ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ነጋዴውን ያመጣው ምክንያት ሐኪሙንም አመጣው። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚሁ አካባቢ ከ68 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ተጠይቀዋል፤ በድሃ አገር ገጠር ይህን ያህል ሰፊ ጥናት ብዙ የለም።

ከጥናቶቹ አንዱ ግን ቡታጅራን በሚያሳፍር መንገድ ዝነኛ አድርጓታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሴቶች ላይ የሚደርስን ጥቃት በአሥር አገሮች ሲያጠና ከኢትዮጵያ የተመረጠው ይህ አካባቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ውጤት መሠረት፣ አግብተው ወይም ከወንድ ጋር ኖረው ከሚያውቁ የአካባቢው ሴቶች 71 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ከትዳር ጓደኛቸው አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ በከፍተኛነቱ የሚጠቀስ ቁጥር ነው። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህ ሲነሣ "ስማችንን ለማጥፋት ነው" ይላሉ። እኔ ግን ቁጥሩ የቡታጅራ ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ የተለየው ቡታጅራ ውስጥ ጠያቂ መገኘቱ ነው። ሌላው ቦታ ማንም አልጠየቀም።

ደግሞስ የጉራጌ ሴት ዝም ብላ የኖረች ናት ያለ ማን ነው? በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃቄ ውርድወት የተባለች ሴት በሰባት ቤት ጉራጌ ሸንጎ ፊት ቆማ፣ ወንዱ እንዳሻው ሲያገባ ሴቲቱ ግን ባሏ ካልፈቀደላት በቀር በአንቂት ታስራ መፍታት የማትችልበትን ሥርዓት ሞግታለች። ሴቶችን አስተባብራ፣ ሽማግሌዎቹን መልስ አሳጥታ ነበር። ታሪኳ በዘመናችን በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ቀርቦ ብዙ ተመልካች አይቶታል። ቴአትሩን አጨብጭቦ የወጣው ሰው ስንቱ ቤቱ ሲገባ ምን እንዳደረገ ግን ጥናት አልተደረገም።

ምሳዬን የበላሁት በዋናው መንገድ ዳር ነው። ክትፎው በጣባ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር፤ ቆጮው ትኩስ። ክትፎ ዛሬ የመላው አገር ምግብ ሆኗል፤ ቆጮ ግን አሁንም "የጉራጌ" ነው የሚባለው። ሥጋው ወደ ብሔራዊነት ሲያድግ እንሰቱ ለምን ወደኋላ ቀረ? በሌላ ቀን እመለስበታለሁ። አጠገቤ በነበረ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጎልማሶች ስለ በዓል ይጫወቱ ነበር፤ አንደኛው ለመስቀል፣ ሌላኛው ለአረፋ ነው ከአዲስ አበባ የሚመጣው። ለማያውቅ አንባቢ፣ የዚህ አካባቢ ሰው የትም ቢሠራ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል፤ ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ። ሱቁ ይዘጋል፣ መርካቶ ይጭር ይላል፣ መንገዱ ይጨናነቃል። በዓሉ ለየቅል ቢሆንም ልማዱ አንድ ነው፤ በሬው ይገዛል፣ ወላጅ ይመረቃል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ልጅ ይዳራል። አባቶቻቸው ተማክረው ያደረጉት ይመስላል። ምናልባትም ተማክረው ይሆናል፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት የሚገኝበት አገር ነውና።

ከሰዓት በኋላ ከከተማዋ ወጣ ብዬ ወደ መስቃን መንደሮች ተራመድሁ፤ ጀፎረን ለማየት። ጀፎረ በጉራጌ መንደር መካከል የሚዘረጋ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የጋራ ጎዳና ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው ይሠራሉ። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም፤ ሠርጉ፣ ለቅሶው፣ ፈረስ ጉግሡ፣ የልጆች ጨዋታው ሁሉ እዚያ ነው። መሬት በጠበበበት፣ አንድ ክንድ እንኳ በሚያጣላበት አገር፣ ይህን ያህል ለም መሬት ሳይታረስ የኖረው በፖሊስ ጥበቃ አይደለም። የጆካ ቅጫና የጎርደና ሥርዓት የመሳሰሉት ባሕላዊ ሸንጎዎች ስላጸኑት ነው። ጽሑፍ የሌለው ሕግ የጠበቀውን፣ ባለ ማኅተሙ ሕግ መጠበቅ ቢያቅተው ምን ይባላል? በከተማዋ ጠርዝ ላይ የተሸነሸነ መሬት ሳይ ይህን ጥያቄ ለራሴ ደጋግሜዋለሁ።

አሁን ወደማይቀረው ልግባ። ቡታጅራ የማን ናት?

ይህ ጥያቄ ለአያቶቻችን ቢቀርብላቸው የሚገባቸው አይመስለኝም፤ ዛሬ ግን ሰው ይሞትበታል። በ1993 ዓ.ም. የሥልጤ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ ጉራጌ አይደለሁም ብሎ የራሱን ዞን መሠረተ፤ ወራቤ ዋና ከተማው ሆነች። መብቱ ነው፤ ሕዝብ ራሱን በፈለገው ስም የመጥራት መብት አለው፤ በዚህ ላይ ለመከራከር ብዕሬን አላነሣም። ችግሩ የመጣው ስሙ ወደ መሬት ሲወርድ ነው። ከዚያ በኋላ በየቀበሌው "ይህ የእኛ፣ ያ የእናንተ" ማለት ግድ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በእንሴኖና በአካባቢዋ የመስቃንና የማረቆ ጎረቤታሞች ተጋጩ። ሰዎች ሞቱ፣ ቤቶች ተቃጠሉ፣ ብዙዎች ተፈናቀሉ፤ ግጭቱም በቀጣዮቹ ዓመታት ደጋግሞ አገረሸ። በርበሬውንና ቆጮውን ጎን ለጎን ሲሸጡ ያየኋቸው የእነዚሁ ሕዝቦች እናቶች ናቸው።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ክልል የመሆን ጥያቄ አጽድቆ አቀረበ። መንግሥት ደግሞ ዞኖቹን በአንድ ላይ የሚያጣምር፣ ሕዝቡ "ክላስተር" ብሎ የጠራውን አማራጭ ይዞ መጣ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ወልቂጤና ሌሎች ከተሞች ሱቃቸውን ዘግተው በቤት ውስጥ በመቀመጥ አድማ ተቃወሙ። ነጋዴ ሕዝብ ሱቁን ሲዘጋ ሌላው ጠመንጃ እንዳነሣ ይቆጠራል። የሆነ ሆኖ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ጉራጌ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ምሥራቅ ጉራጌ የሚባል ዞን ቡታጅራን ዋና ከተማው አደረገ፤ ማረቆም ልዩ ወረዳ ሆነ። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች በተለያዩ ከተሞች ስለተበተኑ አንድ ባለጉዳይ ፊርማ ፍለጋ ከከተማ ከተማ ሲንከራተት መዋሉ የተለመደ ሆነ። እነሆ ያ በመዋጮ የተሠራ መንገድ ለዚህም አገለገለ።

የክልል ጥያቄው ስሕተት ነበር አልልም፤ የመንግሥት መልስም ትክክል ነበር አልልም። ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት በአንድ ሐሳብ ላይ ቆመው ነው፤ ከተማ የግድ የአንድ ስም ርስት መሆን አለባት በሚል። ወልቂጤ ውስጥ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ሰው አደባባይ የወጣው ውኃ ጠምቶት ነበር፤ ጥይት ተተኮሰ፣ ሰዎች ሞቱ። የቧንቧ ውኃ ብሔር የለውም። ስለ መዋቅር የዋለው የስብሰባ ሰዓት ግማሹ ለቧንቧ ቢውል ኖሮ ማለት ምኞት ነው፤ ሆኖም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሰፈርኋቸው ሐሳቦች ሁሉ ከተማው ሰው የተስማማልኝ በዚህ ብቻ ነው።

መንገዱን ለመድገም ለሚሻ አንባቢ ጥቂት ልጨምር። ከአዲስ አበባ ማለዳ ቢነሡ ጢያን አይተው ከቀትር በፊት ቡታጅራ ይደርሳሉ። ገበያውን በጠዋት ሳይሞቅ ይዩት፤ በርበሬው ከሰዓት በኋላ ይብሳል። ከከተማዋ በስተደቡብ ሐረ ሸይጣን የሚባለው አረንጓዴ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አለ፤ ገደሉ አሳሳች ስለሆነ ጠርዙ ላይ አይቁሙ። ጎጌቲን ለማግኘት የሚያሳይ ምልክት ከመፈለግ ይልቅ ሽማግሌ መጠየቅ ይሻላል። ለመመለስ የምሥራቁን መንገድ ከመረጡ ሚኒባሱ እንሴኖ ላይ ቆሞ ሰው ያወርዳል፣ ሰው ይጭናል፤ እኔ የተሳፈርሁበት ዕለት ረዳቱ ሒሳብ የተቀበለው በሦስት ቋንቋ ነበር።